ከወለድ ነጻ ባንክ ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ዕለት ከየት ያመጣል?

ጥያቄው የቀረበው በንግድ ሥራ ላይ ከተሰማሩ አንድ አንባቢ ሲሆን ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የንግድና የቁጠባ ገንዘቤን ከመደበኛ ባንክ አውጥቼ ከወለድ ነጻ አገልግሎት ብቻ ወደሚሰጥ ባንክ ለማዛወር አስቤያለሁ። አንዳንዶች ይህ ዓይነቱ ባንክ ትርፍና ኪሳራን ከደንበኛው ጋር ስለሚጋራ በቀላሉ አይወድቅም ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ገንዘብ ባጠረው ጊዜ እንደ ሌሎቹ ባንኮች መበደር ስለማይችል ከሁሉ ቀድሞ ይቆማል ይላሉ። የቱን ልመን?» በምላሼ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱም አባባሎች መሠረት አላቸው። እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉት አንዱ ስለ ባንኩ ጤንነት፣ ሌላው ስለ ባንኩ ጥሬ ገንዘብ ስለሚናገር ነው። አንድ ባንክ ያበደረው ገንዘብ ሳይመለስለት ቀርቶ ሀብቱ ከዕዳው ሲያንስ ይከስራል። ነገር ግን ሀብቱ ከዕዳው የሚበልጥ፣ ተበዳሪዎቹም በወቅቱ የሚከፍሉት ባንክ እንኳ አስቀማጮቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰብስበው ገንዘባቸውን ቢጠይቁት ሥራውን ለማቆም ሊገደድ ይችላል፤ ሀብቱ በሁለትና በሦስት ዓመት በሚመለስ ውል ውስጥ ታስሮ ስለሚገኝ በዕለቱ አውጥቶ ሊከፍለው አይችልም። ባንከኞች ሊኩዲቲ የሚሉት ይህንን በዕለቱ የመክፈል አቅም ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ዳግላስ ዳይመንድና ፊሊፕ ዲብቪግ በ1983 ባወጡት፣ በ2022 ለኖቤል ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ በሆነው ጥናት እንዳሳዩት፣ አስቀማጩ የባንኩን ጤንነት ባይጠራጠር እንኳ ሌሎች ሊያወጡ ነው ብሎ ካመነ ቀድሞ ተሰልፎ ማውጣቱ ለራሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ሲያስብ ደግሞ ጤናማው ባንክ ይወድቃል። የእኔ አቋም፣ ከወለድ ነጻ ባንክ በውሉ ተፈጥሮ የመጀመሪያውን አደጋ በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፣ ለሁለተኛው ግን የበለጠ ይጋለጣል የሚል ነው። የሚጋለጠውም በሸሪዓው ምክንያት አይደለም፤ በዙሪያው ያሉት የገንዘብ ገበያና የብሔራዊ ባንክ አገልግሎቶች ለእርሱ ታስበው ስላልተሠሩ ነው።

በተቀማጩ በኩል እንጀምር። ከወለድ ነጻ ባንክ ገንዘብ የሚቀበለው በዋናነት በሁለት ዓይነት ውል ነው። አንደኛው ዋዲዓ ወይም ቀርድ የሚባለው ሲሆን ባንኩ ገንዘቡን በሙሉ ለመመለስ ይገደዳል፣ ደንበኛውም ትርፍ አይጠብቅም። ሁለተኛው ሙዳረባ ነው። በዚህ ውል ደንበኛው ባለሀብት፣ ባንኩ ደግሞ ሥራውን የሚያንቀሳቅስ አካል ይሆናሉ፤ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ፤ ባንኩ ካላጠፋና ቸልተኛ ካልሆነ በስተቀር ኪሳራውን የሚሸከመው ባለሀብቱ ነው። «ትርፍና ኪሳራን ይጋራል» የሚሉት ወዳጆችዎ የሚያስቡት ይህንን ሁለተኛውን ነው። በመደበኛው ባንክ የሀብቱ ዋጋ በ5 በመቶ ቢቀንስ የተቀማጩ ዕዳ አንዲት ሳንቲም ስለማይቀንስ ጉዳቱ በቀጥታ በካፒታሉ፣ ማለትም በባለ አክሲዮኖቹ ገንዘብ ላይ ያርፋል። በሙዳረባ በተያዘው የሀብት ክፍል ላይ ግን በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ጉዳቱ በከፊል ወደ አስቀማጮቹ ስለሚተላለፍ ካፒታሉ ይድናል።

በተግባር ግን ይህ መከላከያ በውሉ ላይ የሚታየውን ያህል አይሠራም። አንድ ከወለድ ነጻ ባንክ በዓመቱ ከሙዳረባ ገንዘቡ ለደንበኞቹ የሚደርሰው ትርፍ 5 በመቶ ብቻ ሆነ እንበል። በጎረቤት ያለው መደበኛ ባንክ ግን፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከ2017 ጀምሮ ለዓመታት ባስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ መሠረት፣ ቢያንስ 7 በመቶ ይከፍላል። ደንበኞቹ እንዳይሸሹበት የሚፈልገው ሥራ አስኪያጅ ከባንኩ የራሱ ድርሻ ቆርሶ የደንበኞቹን ትርፍ ወደ 7 ያስጠጋዋል። በማሌዥያ የሚገኘው የእስላማዊ የፋይናንስ አገልግሎቶች ቦርድ ይህን ስጋት በስሙ ለይቶ ባንኮች ካፒታል እንዲይዙለት ይመክራል፤ በብዙ አገሮችም ባንኮች በጥሩ ዓመት ከትርፉ ቀንሰው ለክፉ ዓመት የሚያስቀምጡት የትርፍ ማመጣጠኛ መጠባበቂያ አላቸው። በወረቀት ላይ ኪሳራ ተሸካሚ የሆነው አስቀማጭ በተግባር ኪሳራ የማይነካው ከሆነ፣ ከወለድ ነጻው ባንክ በዚህ በኩል ከመደበኛው ጋር ይቀራረባል። በተጨማሪም በአገራችን ብዙው የዚህ ዘርፍ ደንበኛ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ከሃይማኖታዊ ጥንቃቄ የተነሣ እንጂ ትርፍ ፈልጎ ስላልሆነ ዋዲዓን ይመርጣል፤ በዋዲዓ ደግሞ የሚጋሩት ኪሳራ የለም።

ወደ ሀብቱ ስንመጣ አንዱን ውል ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ የሰሊጥ ላኪ የማበጠሪያ ማሽን ፈለገ እንበል። መደበኛው ባንክ 10 ሚሊዮን ብር ያበድረዋል። ከወለድ ነጻው ባንክ ግን ማሽኑን ራሱ በ10 ሚሊዮን ይገዛና፣ ባለቤትነቱ በእጁ ከገባ በኋላ፣ ለላኪው በ12 ሚሊዮን ብር በ24 ወር በሚከፈል ክፍያ ይሸጥለታል። በየወሩ 500 ሺህ ብር ይገባዋል ማለት ነው። ይህ ሙራባሃ ሲሆን በአገራችንም በውጭም የዚህ ዘርፍ የፋይናንስ አቅርቦት ጀርባ አጥንት ነው። ገንዘቡ ከማሽኑ ውጪ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል፣ ባንኩም ዕቃውን ሳያይ እንዳያበድር የሚያደርግ ውል ስለሆነ ለጤንነት ይጠቅማል። አሁን ግን ስድስት ወር አለፈ እንበል። ላኪው 3 ሚሊዮን ከፍሏል፣ 9 ሚሊዮን ይቀርበታል፤ በዚህ መካከል ባንኩን ጥሬ ገንዘብ አጠረው። ይህንን የ9 ሚሊዮን ብር ዕዳ ለሌላ ባንክ በ8 ሚሊዮን ሸጦ ገንዘቡን ዛሬ ሊወስድ አይችልም፤ ዕዳን ከዋጋው አሳንሶ መሸጥ በአብዛኞቹ የሸሪዓ ሊቃውንት ዘንድ ወለድ ነው። በሙሉ ዋጋው መሸጥ ይፈቀድለታል፤ ግን በ18 ወር ውስጥ ተቆራርጦ ለሚገባ 9 ሚሊዮን ዛሬ 9 ሚሊዮን የሚከፍል የለም። ላኪው ክፍያ ቢያዘገይም ባንኩ ዋጋውን ሊጨምርበት አይችልም፤ የዘገየበት ቅጣት ቢኖር እንኳ የሚሄደው ለበጎ አድራጎት ነው። የዋጋ ንረቱ በ2022 እንደነበረው ከ30 በመቶ በላይ በሚሆንበት ዘመን የአንድ ዓመት መዘግየት ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን፣ በእኛ አገር መደበኛውም ባንክ ብድሩን አውጥቶ የሚሸጥበት ገበያ አለው ለማለት አይቻልም። እርሱን የሚለየው ሌላ ነገር ነው፤ የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት የሚበደርበትን ሰነድ) ይይዛል፣ ሰነዱን ዋስትና አድርጎ ከብሔራዊ ባንክ ይበደራል፣ ወይም ከሌላ ባንክ ለአንድ ሌሊት በወለድ ይወስዳል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 ወደ ወለድ መር የገንዘብ ፖሊሲ ተሸጋግሮ መነሻ ወለዱን 15 በመቶ ሲያደርግ፣ ባንኮች ከእርሱ የሚበደሩበት ቋሚ አገልግሎት ከመነሻው 3 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሎ፣ እርሱ ዘንድ የሚያስቀምጡበት ደግሞ 3 የመቶኛ ነጥብ ዝቅ ብሎ ተተመነ። በጥቅምት 2024 የባንኮች የእርስ በርስ የገንዘብ ገበያ በኤሌክትሮኒክ መድረክ ተጀመረ። ለኢትዮጵያ የባንክ ሥርዓት ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለዓመታት በአንዱ ባንክ ገንዘብ ተርፎ ሌላው እየተጨነቀ የሚያገናኛቸው በወጉ የሚሠራ ገበያ አልነበረም። ሆኖም እነዚህ በሮች ሁሉ የሚከፈቱት በወለድ ስለሆነ ከወለድ ነጻ ባንክ በዚያው መልካቸው ሊጠቀምባቸው አይችልም። በዚህም ምክንያት ጠንቃቃ የሆነ ከወለድ ነጻ ባንክ ምንም ገቢ የማያስገኝ ጥሬ ገንዘብ በብዛት ይዞ ለመቀመጥ ይገደዳል። ከውጭ ሲያዩት ካዝናው ሙሉ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ገቢው ይሳሳል፣ ሲቆይም ካፒታሉን የሚያሳድግበት ትርፍ ያጣል።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንደፈቱት ማየት ተገቢ ነው። ማሌዥያ እስላማዊ የባንክ ሕጓን በ1983 አውጥታ፣ ከወለድ ነጻ ባንኮች እርስ በርሳቸው በሙዳረባ ውል ገንዘብ የሚለዋወጡበትን ገበያ በጥር 1994 ከፈተች። በ2009 ደግሞ በአክሲዮን ገበያዋ ሥር ቡርሳ ሱቅ አልሲላ የሚባል የሸቀጥ መድረክ ተቋቋመ። ገንዘብ የተረፈው ባንክ ከአንድ ደላላ ድፍድፍ የፓልም ዘይት ይገዛል፤ ገንዘብ ላጠረው ባንክ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጥለታል፤ ገዢው ዘይቱን ወዲያውኑ ለሌላ ደላላ በጥሬ ገንዘብ ይሸጠዋል። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ በመጨረሻም አንዱ ባንክ ዛሬ ጥሬ ገንዘብ ያገኛል፣ ሌላው ከወር በኋላ ትርፍ ያለው ክፍያ ይቀበላል። ይህ አሠራር የተደራጀ ተወሩቅ ይባላል። በዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖቱ ሕግ) አካዳሚ በኩል ግን በ2009 በሻርጃ ባደረገው ጉባኤው ተቀባይነት አላገኘም፤ ሸቀጡ ለስም ብቻ የሚገባበት፣ ውጤቱ ከወለድ ብድር የማይለይ ነው በማለት። እኔም በዚህ ነጥብ ከአካዳሚው ጋር እስማማለሁ፤ ደንበኛው ወደዚህ ባንክ የመጣው ወለድን ሸሽቶ ከሆነ፣ ባንኩ በጓሮ በር የወለድን ውጤት ቢያስገባለት እምነቱ የተሸረሸረ ዕለት የሚደርሰው የገንዘብ ማውጣት ሩጫ ከማንኛውም የጥሬ ገንዘብ እጥረት የከፋ ይሆናል።

የተሻለው መንገድ ሱኩክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም ባለ ሰነዱን በአንድ ተጨባጭ ሀብት ላይ ባለድርሻ የሚያደርግ፣ ስለዚህም ዕዳ መሸጥ ሳይሆን ድርሻ መሸጥ የሚያስችል ሰነድ። መቀመጫውን ኩዋላ ላምፑር ያደረገውና በርካታ ማዕከላዊ ባንኮች በ2010 ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የእስላማዊ ሊኩዲቲ አስተዳደር ድርጅት በነሐሴ 2013 የመጀመሪያውን የ490 ሚሊዮን ዶላር የሦስት ወር ሱኩክ አወጣ፤ ዓላማውም ባንኮች ሲያስፈልጋቸው በቀላሉ የሚሸጡት አጭር ሰነድ እንዲኖራቸው ነው። የእንግሊዝ ባንክም በታኅሣሥ 2021 ከወለድ ነጻ ባንኮች ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ጀመረ፤ የባንኮቹ ተቀማጭ በሱኩክ ላይ ይውላል፣ ከተገኘው ትርፍ ላይም ወጪ ተቀንሶ ይከፈላቸዋል። ሙስሊሙ ሕዝብ አናሳ በሆነበት አገር ያለ ማዕከላዊ ባንክ ይህን ካደረገ፣ እኛ ጋ የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ቱርክ ልውሰድዎ፤ ለጥያቄዎ ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ታሪክ አላውቅም። በቱርክ ከወለድ ነጻ የሚሠሩ ተቋማት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ልዩ የፋይናንስ ቤቶች» በሚል ስም ነበሩ፤ በ2000 መጨረሻ ስድስት ሲሆኑ ትልቁ ኢህላስ ፊናንስ ነበር። በኅዳር 2000 አገሪቱ በባንክ ቀውስ ተመታች። የመጀመሪያው ተጎጂ ግን መደበኛ ባንክ ነበር፤ ዴሚርባንክ የሚባለው ትልቅ የግል ባንክ። ይህ ባንክ እጅግ ብዙ የመንግሥት ሰነድ ይዞ፣ ሰነዱን የገዛበትን ገንዘብ በየሌሊቱ ከሌሎች ባንኮች እየተበደረ ያድሰው ነበር። በመጽሐፍ ቋንቋ ሰነዱ ከፍተኛ ሊኩዲቲ ያለው ሀብት ነው። ሌሎቹ ባንኮች በኅዳር ማበደር ሲያቆሙ የአንድ ሌሊት ወለድ ሰማይ ነካ፤ ወለዱ ሲጨምር የሰነዱ ዋጋ ወደቀ፤ ባንኩ መክፈል አቅቶት በታኅሣሥ 6 ቀን በመንግሥት የተቀማጭ መድን ፈንድ ተወረሰ፣ በቀጣዩ ዓመትም ለኤች ኤስ ቢ ሲ ተሸጠ። የዴሚርባንክ አስቀማጮች ገንዘብ ግን በመንግሥት ዋስትና ሥር ስለነበር አልጠፋም።

ኢህላስ ፊናንስ እንዲህ ያለ የወለድ ስጋት አልነበረበትም። የመንግሥት ሰነድ አልያዘም፤ በየሌሊቱ አይበደርም። ነገር ግን ሕዝቡ ፈርቶ ገንዘቡን ማውጣት ሲጀምር የሚሸጠው ሰነድ፣ የሚበደርበት ገበያ፣ የሚጠጋበት ማዕከላዊ ባንክ አልነበረውም፤ አስቀማጮቹም እንደ መደበኛ ባንክ ደንበኞች የተቀማጭ ዋስትና ስላልነበራቸው ቀድመው ለማውጣት የበለጠ ምክንያት ነበራቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከገንዘቡ ብዙውን በራሱ የኩባንያዎች ቡድን ውስጥ ላሉ ድርጅቶች ሰጥቶ ስለነበር በሚፈለግበት ጊዜ ሊሰበሰብ አልቻለም። የካቲት 10 ቀን 2001 የባንክ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ሰረዘ፤ አስቀማጮቹም ገንዘባቸውን ለማግኘት ለዓመታት በማጣራት ሂደት ውስጥ ጠበቁ። ሩጫው ወደ ሌሎቹ ልዩ የፋይናንስ ቤቶችም ተዛመተ፤ ያ አውሎ ነፋስ ግን አልጣላቸውም። ፋይናንሳቸው የንግድ ሙራባሃ ሆኖ በየወሩ ከብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ወሩ ሲያልፍ በራሱ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይለወጣል። በዚያው ዓመት ለእነዚህ ቤቶች የዋስትና ፈንድ ተቋቋመላቸው፤ በ2005 በወጣው የባንክ ሕግም «የተሳትፎ ባንክ» ተብለው ከመደበኛ ባንኮች ጋር በአንድ የተቀማጭ መድን ሥር ገቡ።

ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጥሁት በምክንያት ነው። በአንድ ቀውስ ውስጥ መደበኛው ባንክ የወደቀው ወደ ገንዘብ ገበያው ከመጠን በላይ ስለተጠጋ ሲሆን፣ ከወለድ ነጻው ደግሞ ወደዚያ ገበያ ጨርሶ መድረሻ ስላልነበረውና በራሱ ቤት ውስጥ ስላበደረ ነው። የመጨረሻው ነጥብ ከወለድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ማንኛውንም ባንክ የሚገድል የአስተዳደር ጥፋት ነው።

በጥናት ደረጃም ውጤቱ ከዚህ ጋር ይገጥማል። የዓለም ገንዘብ ድርጅት ባለሙያዎች ማርቲን ቺሃክና ሄይኮ ሄሴ በ2008 ባወጡት፣ 18 የባንክ ሥርዓቶችን በመረመረ ሥራቸው፣ ትንንሽ እስላማዊ ባንኮች ከተመሳሳይ መደበኛ ባንኮች ይልቅ የተረጋጉ ሲሆኑ፣ ትልልቆቹ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ መደበኞቹ የተሻሉ ሆነው አገኟቸው። እኔ ይህን የማነብበው፣ ትንሹ ከወለድ ነጻ ባንክ የሚያውቃቸውን ነጋዴዎች በቅርብ ስለሚከታተል፣ ሲያድግ ግን ይህንን ዕውቀት የሚተካ የስጋት አስተዳደር ሥርዓት ቶሎ ስለማይገነባ እንደሆነ ነው። በፓኪስታን በ2008 የባንክ ወሬ ሽብር በነበረበት ወቅት የተደረገ ጥናት ደግሞ እስላማዊ ቅርንጫፎች ከመደበኞቹ ያነሰ የገንዘብ መውጣት እንዳጋጠማቸው፣ በመደበኛ ባንኮች ውስጥ ያሉ እስላማዊ ቅርንጫፎች እንዲያውም ተቀማጭ እንደሳቡ አሳይቷል። እምነት ለአስቀማጩ ትዕግሥት ይሰጠዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ግን ባንኩ በሥራው ያተረፈው ስላልሆነ ሥራ አስኪያጆች ሊተማመኑበት አይገባም።

አሁን ወደ አገራችን። ብሔራዊ ባንክ በ2011 ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት መልክ፣ ማለትም በራሳቸው ውስጥ በተለየ ክፍል፣ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ከ2013 ጀምሮም ባንኮች አገልግሎቱን መስጠት ጀመሩ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ ለማቋቋም የተፈቀደው በ2019 ሲሆን፣ ዘምዘም ባንክ በ2021 የመጀመሪያው ሆኖ ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ባንክ በዚያው ዓመት ተከተለ፤ ከዚያም ሸበሌና ራሚስ መጡ። ለእርስዎ ጥያቄ እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ወሳኝ ነው። በመደበኛ ባንክ መስኮት ያስቀመጡት ገንዘብ በሒሳብ መዝገብ ተለይቶ ቢያዝም፣ መስኮቱ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው ገንዘብዎ በዕለቱ የሚከፈልዎት ከእናት ባንኩ ካዝና ነው። እናት ባንኩ ከተጨነቀ መስኮቱም ይጨነቃል። ሙሉ ከወለድ ነጻ ባንክ በዚህ በኩል ከሌላው ስጋት ነጻ ነው፤ በአንጻሩ ግን ገንዘብ የሚያመጣለት ትልቅ እናት ባንክ ከጀርባው የለውም።

ሌላው የአገራችን ልዩ ሁኔታ የውጭ ምንዛሬ ነው። ከወለድ ነጻ ባንክ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ መሸጥ ስላለበት፣ ዕቃው የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ስለሆነ፣ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ማረጋገጫ ሰነድ) ለመክፈት የሚጠበቅበት ዶላር በዘገየ ቁጥር የሰበሰበው ተቀማጭ ሥራ ሳይሠራ ይቆያል። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ዋጋው ከመቀየሩ በፊት ለደንበኛው «ማሽኑን ገዝቼ እሸጥልሃለሁ» ብሎ ቃል የገባ ባንክ፣ ዕቃው በእጁ እስኪገባ ድረስ የሽያጩ ዋጋ ያልተቆረጠ ስለሆነ፣ በቃሉና በአዲሱ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ማን እንደሚሸከም ከደንበኛው ጋር መነጋገር ነበረበት። ይህ ከብድር ወለድ ጋር የማይገናኝ፣ ለዚህ ዘርፍ ብቻ የሆነ የዋጋ ስጋት ነው።

ስለዚህ ገንዘብዎን ማዛወር አይገባዎትም አልልም። ሃይማኖታዊ ምክንያትዎ ለእርስዎ በቂ ነው፤ በገንዘብ ረገድም ከወለድ ነጻ መሆኑ ባንኩን ደካማ አያደርገውም። ነገር ግን ከመወሰንዎ በፊት የባንኩን ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ያግኙ፤ በየዓመቱ የሚታተም ሰነድ ስለሆነ የሚከለክልዎ የለም። በመጀመሪያ ከጠቅላላ ተቀማጩ ስንቱ በጥሬ ገንዘብና በብሔራዊ ባንክ እንደተያዘ፣ ስንቱ ደግሞ በፋይናንስ ላይ እንደዋለ ይመልከቱ፤ ሁለቱም ጽንፎች፣ ሁሉንም ያፈሰሰውም ሁሉንም የያዘውም፣ ጥያቄ ያስነሣሉ። ቀጥለው ፋይናንሱ በየትኛው ዘርፍ እንደተከማቸ፣ ከባለ አክሲዮኖችና ከቦርድ አባላት ጋር ግንኙነት ላላቸው ድርጅቶች ስንት እንደተሰጠ የሚገልጸውን ማብራሪያ ይፈልጉ፤ የኢህላስን ታሪክ ያስታውሱ። አንድ ትልቅ አስቀማጭ፣ ለምሳሌ አንድ የመንግሥት ድርጅት ወይም ማኅበር፣ ነገ ቢወጣ ባንኩ ምን ያህል እንደሚነቃነቅ ለመገመት ተቀማጩ በስንት እጅ እንደተያዘ መጠየቅ መብትዎ ነው። ባንኩ ብሔራዊ ባንክ ያዘዘውን የ5 ቢሊዮን ብር ዝቅተኛ ካፒታል ስለመድረሱም ይጠይቁ።

የንግድ ገንዘብዎ ከተለመደው የቁጠባ መጠን በላይ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በ2021 በወጣ ደንብ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ የሚሰጠው ሽፋን እስከ 100,000 ብር ነው። ይህ የብዙውን ቤተሰብ ቁጠባ ይሸፍናል፣ የነጋዴን የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ግን አይሸፍንም። በመሆኑም በየሳምንቱ የሚንቀሳቀሰውን ገንዘብዎን በዋዲዓ ሒሳብ ይያዙ፣ ከሁለት ባንኮች በላይ ባይበታተንም በአንድ ቦታ ብቻ አይከማች። ለዓመት የማያስፈልግዎትን ብቻ በሙዳረባ ያስገቡ፤ ከማስገባትዎም በፊት የትርፍ ክፍፍሉን ድርሻ፣ ያለፉትን ዓመታት ትክክለኛ ክፍያ፣ ከጊዜው በፊት ማውጣት ቢያስፈልግዎ ምን እንደሚደረግ፣ ኪሳራ ቢደርስ ባንኩ እንዴት እንደሚያሰላውና ይህ ሒሳብ በመድኑ ውስጥ እንዴት እንደሚስተናገድ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ለእነዚህ ጥያቄዎች የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ «ኪሳራ አይደርስም» ብሎ ከመለሰልዎት ውሉ ሙዳረባ አይደለም ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ ጥያቄዎን ለባንኩ የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ በደብዳቤ ያቅርቡ።